አሥራ ዘጠኝ ባዶ ሳጥንና አንድ ራይት

ለዩኒቨርሲቲው የስፖርትና መዝናኛ አገልግሎት ዳይሬክተር
ቢሮአቸው

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ጉዳዩ፦ «አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሥራ ቀርተሃል» ተብዬ ከመዋኛ ገንዳው ማሽን ክፍል የተነሳሁበት ውሳኔ እንዲታይልኝ፣ ቅጹም እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ይህን ወረቀት የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ። በግቢው በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ አለ፤ ታላቅ እህቴም «እሱ ጋ ውሰደው፣ አንተ ስትለምን ስድብ ይመስላል» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ፓምፕ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለ ፓምፕ እንዴት ይጽፍልኛል? ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ አልደብቅም። ግን ከዚህ ግቢ ምሩቃን ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በድምፅ ብቻ የትኛው ፓምፕ እንደታመመ የሚናገር ካለ ይምጣና እንወራረድ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስለጻፍኩ ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አቤቱታ በጥቁር ነው የሚጻፈው ተብያለሁ። ምክንያት አለኝ፣ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።

1. መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። ላለፉት ሦስት ዓመታት የመዋኛ ገንዳው ማሽን ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከገንዳው ሥር ያለችው፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት ክፍል ናት። ሁለት ፓምፕ፣ አንድ ቦይለር፣ እንደ ዝሆን የተኛ አንድ ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ አለባት። እርስዎ ገብተውባት አያውቁም ብዬ አስባለሁ። ቅሬታ አይደለም፣ ጣሪያዋ ጭንቅላት ይመታል። ተማሪው ላይ ሆኖ ሲንቦጫረቅ ውሃው በተፈጥሮው ንጹሕ ይመስለዋል። በተፈጥሮው አይደለም፣ በእኔ ነው። እሺ፣ ክሎሪኑን የሚለኩት ጋሽ ጠብታም አሉ። ስለሳቸው እመጣለሁ።

2. እርስዎ ጥቅምት ላይ አዲስ ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ሰብስበውን «ዘላቂነት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ነገር አይሁን፣ የየዕለት ሥራችን ውስጥ ይግባ» አሉ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ዘላቂነት የሚለውን ቃል በዕድሜዬ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ውሃ አለማባከን፣ መብራት አለማባከን፣ ያለውን ዕቃ በአግባቡ መጠቀም ነው ብለው ሲያብራሩት ግን ከጎኔ የተቀመጠውን የበር ጥበቃ በክርኔ ጎሸም አርጌ «ይሄማ የኔ ሥራ ነው እኮ!» አልኩት። «ዝም በል፣ ያንተ ያልሆነ ሥራ መቼ አለና» አለኝ። ከስብሰባው በኋላ መግቢያው ላይ «ውሃና መብራት እንቆጥብ» የሚል ባነር ተሰቀለ። በደንብ ይታይ ተብሎም ሁለት ፓውዛ በራበት። ከዚያ ወዲህ ፓውዛዎቹ ጠፍተው አያውቁም፣ በጠራራ ፀሐይም።

3. እኔ በበኩሌ ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ምን ሠራህ ቢሉኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም፣ ጥቂቱን ልናገር።

ማታ ገንዳው ሲዘጋ ሙቀቱ እንዳያመልጥ የፕላስቲክ ልባሱን ማልበስ ጀመርኩ። ልባሱ ከተገዛ ጀምሮ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ «ይከብዳል» እየተባለ ማንም አይነካውም። ከጥበቃው ጋር በሁለት ጫፍ ይዘን እየጎተትን ማልበስ ስንጀምር ጠዋት ውሃው ሞቅ እንዳለ ይጠብቀናል፣ ቦይለሩም እንደ ድሮው አያጓራም። ጂም ውስጥ ደግሞ ሰው ሳይኖርባቸው በርተው የሚውሉ መሮጫ ማሽኖችን እየዞርኩ አጠፋለሁ። የጂሙ አሠልጣኝ «ከማብሪያ ማጥፊያ ጋር አጋብተውሃል እንዴ?» ይለኛል። ይበል።

ፎጣም አለ። ተማሪው ከክምሩ ላይ ሦስት ሦስት ያነሳ ነበር፤ አንዱን ለፊቱ፣ አንዱን ለእግሩ፣ ሦስተኛውን ለምን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ክምሩን አንስተን አንድ አንድ በእጅ መስጠት ሲጀመር በቀን ዘጠኝ ጊዜ ይሞላ የነበረው ማጠቢያ ማሽን አምስት ጊዜ ሆነ። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ ሐሳቡ የታላቅ እህቴ ነው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሠራተኛ እሷ ናት። «ሰው ራሱ ሲያነሳ አያፍርም፤ ከሰው እጅ ሦስት ስጡኝ ለማለት ግን ያፍራል» ያለችው እሷ ናት። እኔ ጮክ ብዬ ለሰው ተናገርኩት። ጮክ ብሎ መናገርም ሥራ ነው።

4. ዋናው ግን ማጣሪያው ነው፣ ክሱም የመጣው ከሱ ነው። የገንዳው ውሃ ቀኑን ሙሉ በአሸዋ ውስጥ እያለፈ ይጣራል። አሸዋው ቆሻሻ ሲይዝ ውሃውን ገልብጠን ከታች ወደ ላይ እንልክና አሸዋውን እናጥበዋለን፣ የታጠበበትን ውሃ እንደፋዋለን። አንድ ጊዜ ለማጠብ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ አርባ በርሜል ውሃ። ያውም የሞቀ ውሃ፣ ቦይለሩ የለፋበት። መመሪያው «በየቀኑ ጠዋት ይታጠብ» ይላል። ለምን በየቀኑ እንደሆነ ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ማሽኑ ላይ ግን የግፊት መለኪያ አለ፤ አሸዋው እየቆሸሸ ሲሄድ መርፌዋ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ ትሄዳለች። ቀዩ ጋ ስትደርስ ታጥባለህ፣ በቃ። አረንጓዴው ላይ እያለች ማጠብ ግን ያልተለበሰ ሸሚዝ ማጠብ ነው፤ ውሃ ወቀጣ።

እንዲያውም አሸዋ ትንሽ ቆሸሽ ሲል ነው ደቃቁን እድፍ ጥርቅም አርጎ የሚይዘው። ይሄንን ያስተማሩኝ ጋሽ ጠብታ ናቸው። የገንዳውን ክሎሪን ሃያ ስድስት ዓመት የለኩ ሽማግሌ ናቸው። ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው፣ መድኃኒት ጠብ ጠብ እያደረጉበት ቀለሙን ስለሚያዩ ነው ግቢው በሙሉ በዚህ ስም የሚጠራቸው። ሐምሌ ላይ ጡረታ ይወጣሉ።

5. አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ። ከማሽን ክፍሉ በር ጀርባ የወር ቅጽ ተሰቅሏል፣ ከጎኑ በክር የታሰረ ጥቁር እስክሪብቶ አለ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን ነው ያለው፣ ከላይ «ማጣሪያ ታጥቧል» ይላል። ካጠብክ ራይት ታደርጋለህ። ካላስፈለገስ? ለሱ ቦታ የለውም። እኔም ያላጠብኩትን አጠብኩ አልልም ብዬ ባዶውን ተውኩት። ጥር ወር ላይ ገንዳው ሃያ ስድስት ቀን ክፍት ነበር። ሰባት ራይት፣ አሥራ ዘጠኝ ባዶ። እያንዳንዱ ባዶ ሳጥን ማለት እኔ ጎንበስ ብዬ ገብቼ፣ መርፌዋን አይቼ፣ ፓምፖቹን አዳምጬ፣ ቧንቧውን ዳስሼ፣ «ዛሬ አያስፈልግም» ብዬ የወጣሁበት ቀን ነው።

6. በየካቲት መጀመሪያ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ እርስዎ ራስዎ «የገንዳው የውሃ ፍጆታ በጥር ወር በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል» ብለው አነበቡ። በምን እንደቀነሰ ሲጠየቅ የቅርብ አለቃዬ ሱፐርቫይዘሩ ብድግ ብሎ «በባነሩ የተፈጠረው ግንዛቤ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ መዳፌ ቀላ። ባነር ቫልቭ ሲያዞር አይቼ ባላውቅም ዝም አልኩ። እኔን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

7. ከሁለት ቀን በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። «በጥር ወር ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት በሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ» ይላል። በሕይወቴ እርስዎ የተባልኩት ስባረር ነው። ደብዳቤውን ይዤ ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ሮጥኩ።

«ባዶ ሳጥን ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«አላስፈለገም ማለት ነው።»

«አላስፈለገም የሚል ቦታ ቅጹ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አልነበርክማ!»

«ጌታዬ፣ ጥር ላይ በደረጃው ስንተላለፍ ስንቴ ሰላም ብለኸኛል?»

«ሰላምታ ሰነድ አይደለም» አለኝ። እዚያው አለቀ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ሁለቱም ወረቀት የወጣው ከአንድ ቢሮ ነው። ያው አሥራ ዘጠኝ ቀን አንደኛው ወረቀት ላይ ቁጠባ ተብሎ ተጨበጨበለት፣ ሌላኛው ላይ ቀሪ ተብሎ እኔን ከቦታዬ አስነሳኝ። ሥራ ላይ ካልነበርኩ ሰባት መቶ ስልሳ በርሜሉን ማን ቆጠበው?

8. የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ እስኪወስንብኝ ድረስ የተመደብኩት የዕቃ መስጫው መስኮት ላይ ነው። ኳስ፣ መረብ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት እሰጣለሁ፣ እቀበላለሁ። ኳስ የጠየቀኝን ሰው ራኬት አስይዤው እሄዳለሁ፣ ልቤ የለም። ምክንያቱም መስኮቱና የማሽን ክፍሉ ግድግዳ ይጋራሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተተኪዬ ቫልቩን ሲያዞር ይሰማኛል። ከዚያ ከጀርባዬ ባለው ቱቦ ውሃው ሽው ይላል፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። በየቀኑ። መርፌዋ የት እንዳለች ሳይታይ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ይሄን ወረቀት እየጻፍኩ እንኳ ስድስቴ ተነስቻለሁ። ተማሪዎቹ «ኢንጂነሩ፣ ምጥ ይዞህ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ኢንጂነሩ የሚሉኝ ለማሾፍ ነው፣ እኔ ግን አቤት እላለሁ።

ተተኪዬ ጥፋት የለበትም። ቅጹ ያለውን ነው የሚሠራው፤ ሳጥኖቹም ሙሉ ናቸው፣ ያምራሉ። ግን ሁለተኛው ፓምፕ ድምፁ ተቀይሯል። ድሮ ያንጎራጉር ነበር፣ አሁን ጥርሱን ያፋጫል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እያለቀ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። «አንተ የኳስ ሰው ነህ» ተባልኩ። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ይሄን ፓምፕ አንድ ሰው ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥልኝ።

9. ጥር ላይ ሥራዬ ላይ እንደነበርኩ ምስክሮች አሉኝ። አንደኛው ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስለ ኳስ የምንጨቃጨቀው የበር ጥበቃ ነው። «ይህ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጆሮዬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ባረፈ ነበር» ብሎ በእጁ ጽፎ ፈርሟል።

ታላቅ እህቴ ዘመድ ስለሆነች ምስክር አትሆንም ተብሏል። ያም ሆኖ ነገሩ ከማንም በላይ የሚነካው እሷን ነው። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እዚህ ስቀጠርም ዋስ የሆነችኝ እሷ። «ለዚህ ልጅ ጠባይ እኔ ዋስ ነኝ» ብላ የፈረመችበት ወረቀት ፋይሌ ውስጥ አለ። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀምጦ ካሰናበተኝ እኔ ሌላ ቦታ ሌላ ፓምፕ አላጣም። እሷ ግን ፊርማዋን እዚህ ትታ የትም አትሄድም። ነገ ጠዋትም በዚያው በር ነው የምትገባው።

ሦስተኛው ምስክር ጋሽ ጠብታ ናቸው። ባለፈው ዓርብ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ወደ መስኮቱ መጥተው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። «ይህ ልጅ በጥር ወር አንድም ቀን አልቀረም፤ በየጠዋቱ አብረን ነበርን» ይላል፣ ተፈርሟል። «ራኬት ልስጥዎት ጋሼ?» አልኳቸው። «ጉልበቴን አስፈቅጄ እመለሳለሁ» ብለው ሳቅ አሉና ሄዱ።

ማመልከቻዬ እዚህ ላይ ነበር ማለቅ የነበረበት። ከዓርብ ወዲህ ሦስት ጊዜ እዚህ ላይ ፈርሜ ዘግቼዋለሁ፣ ሦስት ጊዜም ቀድጄዋለሁ። እጄ ይፈርማል፣ እግሬ አያርፍም።

10. ጥር 15 ቀን ገንዳው ወተት መስሎ ማደሩን ያስታውሳሉ። የዋና ቡድኑ ምርጫ የተያዘው ለዚያ ጠዋት ነበር። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ጠርዙ ላይ ከተሰለፉ በኋላ «የገንዳው ወለል አይታይም፣ መግባት ክልክል ነው» ተብለው ተመለሱ። አንዷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንዳደረገች ቆማ አለቀሰች። ተጣራ ተባለና ጥፋቱ የክሎሪን አለካክ ነው ተብሎ ለጋሽ ጠብታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያቸው። ከጡረታ በኋላ አዳዲስ ሠራተኞችን እያሠለጠኑ እንዲቆዩ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው አያሠለጥንም ተብሎ እሱም ቀረ።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። የኔ ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ቁጭ ብላለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እኔ ደስታዬን አልችለውም፣ «ሪከርድ ሰበርኩ!» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። ጥር 14 ጠዋት ጋሽ ጠብታ ብልቃጣቸውን እያለቀለቁ መርፌዋን አየት አደረጓትና «ልጄ፣ ይቺ ነገር አምስት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ እንዳይመስልህ። እስቲ በጣትህ ኳ አርጋት» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ጠብታዎን ይቁጠሩ፣ መርፌዋን ለኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያልኩት። ኳ ማድረጉ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

በማግስቱ ውሃው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ወደ ታች ሮጬ መለኪያዋን በጣቴ አንጓ መታ ሳደርጋት መርፌዋ ከአረንጓዴው ዘልላ ቀዩ መሐል ገባች። ተጣብቃ ነበር የከረመችው። ቫልቩን ገልብጬ ማጠብ ጀመርኩ። ውሃው እየፈሰሰ እያለ የሱፐርቫይዘሩን ጫማ ደረጃው ላይ ሰማሁ። በክር የታሰረውን እስክሪብቶ እንኳ አልፈለግኩም፣ የራሴን ከኪሴ መዝዤ የጥር 14ን ሳጥን ራይት አደረግኩት። ትናንት አጥቤ ነበር ለማለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ገባ፣ ቅጹን አየ፣ «ማጣሪያው ትናንትም ታጥቧል። ስለዚህ መድኃኒቱ ነው» ብሎ ወጣ። መርፌዋን አላየም፣ እኔንም አላየኝም። ቅጹን አመነ።

ያኔውኑ ተከትዬው ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ማስጠንቀቂያው ተጻፈ። ከዚያ በኋላማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ጋሽ ጠብታ ማስጠንቀቂያቸውን የተቀበሉ ዕለት ወደ ማሽን ክፍሉ ገብተው ቅጹ ፊት ቆሙ። ራይቱ ሁሉ ጥቁር ነው፣ የጥር 14ቱ ብቻ ሰማያዊ። እኔ ያልላላ ብሎን አጠብቃለሁ። «ሰማያዊ ጥሩ ነው፣ ይታያል» አሉና ብልቃጣቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንስተውት አያውቁም። ዓርብ ለኔ የፈረሙልኝም ይሄን እያወቁ ነው።

ትናንት ለእህቴ ነገርኳት። ፎጣ እያጠፈች ነበር፣ እጇ አልቆመም።

«ይሄን ከጻፍክ አይመልሱህም» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

አንድ ፎጣ አጠፈች። ሌላ ደገመች።

«እኔ የፈረምኩት ለጠባይህ ነው፣ ለሥራህ አይደለም። ጻፈው» አለች። ከዚያ ደግሞ «እንዳትሳደብ ብቻ» ብላ ጨመረች።

ስለዚህ እውነቱ እንዲህ ነው፦ ባዶ መሆን የነበረባቸው ሳጥኖች አሥራ ዘጠኝ ሳይሆኑ ሃያ ናቸው። በአሥራ ዘጠኙ አልዋሸሁም፣ እኔ የተቀጣሁት በነሱ ነው። በአንዷ ዋሸሁ፣ በሷ የተቀጣው ሌላ ሰው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ የማውቀው ውሃን ነው፤ ውሃ ደግሞ ማጣሪያው ካልታጠበ ዝም ብሎ ስላደረ አይጠራም።

11. ስለሆነም የሚከተሉትን እጠይቃለሁ፦

ሀ) የጋሽ ጠብታ ማስጠንቀቂያ ከፋይላቸው ወጥቶ የኔ ፋይል ውስጥ ይግባ። አሠልጣኝነታቸውም ይመለስላቸው። ከዚህ ማመልከቻ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጸም ከሆነ ይሄ ይሁን፤ ሐሙስን ሳይጠብቅ።

ለ) ቅጹ ላይ «ታጥቧል» ከሚለው ጎን «ታይቷል፣ አላስፈለገም» የሚል ሳጥን ይጨመር፣ መርፌዋ የቆመችበት ቁጥርም ይጻፍበት። ሦስተኛ ሳጥንም ይኑረው፣ «መለኪያው በጣት መታ ተደርጓል» የሚል። ይህችኛዋ የጋሽ ጠብታ ናት፣ ስማቸው ባይጻፍባትም። ለዚህ ባነር አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል። እርስዎ ዘላቂነት ያሉት ነገር እኛ ማሽን ክፍል ድረስ ሲወርድ ከአንድ ሳጥን አይበልጥም፤ ያላፈሰስነውን ውሃ የምንጽፍበት ሳጥን።

ሐ) አሥራ ዘጠኙን ቀን ቀሪ መባሌ ይሰረዝልኝ። ለጥር 14ቷ ራይት የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ቅጣቱ ስንብት ካልሆነ ግን ወደ ማሽን ክፍሌ ይመልሱኝ፣ ከኔ የተሻለ ሰው አያገኙም። ይሄ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት። ግን ከእንግዲህ መታ ሳያደርግ መርፌ የማያምን ሰው ከፈለጉ ከኔ ሌላ የት ይገኛል?

መ) የባነሩ ፓውዛዎች ቀን ቀን ይጥፉ። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ በፀሐይም ይነበባል።

ሠ) ሁለተኛው ፓምፕ። እባክዎ። ይኸው አሁንም ያፋጫል።

በመጨረሻም፣ ይህን ማመልከቻ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማዬ ድረስ የጻፍኩት በዚያችው በሰማያዊዋ እስክሪብቶ ነው። የጥር ወር ቅጽ መዝገብ ቤት ይገኛል። ጎን ለጎን አድርገው ይዩት።

ከሰላምታ ጋር፣ አሁንም እንደቆምኩ፣

(ፊርማ)
የመዋኛ ገንዳው ማሽን ክፍል ሠራተኛ፣
ለጊዜው የዕቃ መስጫው መስኮት ላይ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ለታላቅ እህቴ
ለጋሽ ጠብታ፣ በእጄ የምሰጠው